ዱባይ ቤት ከመያዝሽ በፊት

የአክስቴ ልጅ ዱባይ የሒሳብ ሥራ አግኝታለች። ድርጅቱ ቤት አይሰጥም፣ ደመወዟ ላይ የቤት አበል ጨምሮ "ራስሽ ፈልጊ" ብሏታል። ሰሞኑን አራት ኪሎ እነሱ ቤት ሌላ ወሬ የለም። አክስቴ እትዬ "የሀበሻ ሰፈር ትግባ፣ ቢያማት ሾርባ የሚያቀብላት አታጣም" ይላሉ። ልጅቷ ደግሞ ጓደኞቿ ከዱባይ አጠገብ ያለችው ከተማ ሻርጃ ርካሽ ናት ብለዋት ልቧ ወደዚያ ሄዷል። እኔ እዚያ ሠርቼ ስለተመለስኩ ሁለቱም የሚጠይቁት እኔን ነው። መልሴም አንድ ነው፦ መጀመሪያ የቢሮሽን አድራሻ አምጪ፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሻርጃ ኪራዩ ከዱባይ ይረክሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ሜትሮው እዚያ አይደርስም። ጠዋት ሻርጃ የሚያድረው ሠራተኛ ሁሉ ወደ ዱባይ ስለሚፈስ መንገዱ ይዘጋል፣ ማታ ደግሞ በተቃራኒው። ይህን ለካዛንቺስ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰፈሩ ፈርሶ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ የገቡ ጎረቤቶቻችን አዲስ ቤት አላቸው፣ ሥራቸው መሀል ከተማ የቀረ ግን ስንት ሰዓት ከእንቅልፍ እንደሚነሱ እናውቃለን። ሻርጃም በኪራይ የተረፈው ብር በትራንስፖርትና በድካም ይሄዳል።

እትዬ ያሉትም ተራ ነገር አይደለም። ዴይራ በሚባለው የዱባይ አሮጌ ሰፈር የሀበሻ ምግብ ቤት አለ፣ እንጀራ አለ፣ አማርኛ የሚሰማበት መንገድ አለ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ብቸኝነት ሰው ያሳምማል። ቢሮዋ ዴይራ ወይም ጎረቤቱ ቡር ዱባይ ከሆነ አላመነታም፣ እዚያው ትግባ። ከዚያ ሩቅ ማሪና አካባቢ ከሆነ ግን በሜትሮ አንድ ሰዓት ገደማ ትሄዳለች፣ በየቀኑ፣ ደርሶ መልስ። እንዲያ ከሚሆን ሥራዋ አጠገብ ኖራ እንጀራውን በዕረፍት ቀን ሄዳ ብትበላ ይሻላታል።

ደግሞ ሙቀቱ አለ። እኛ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር መሄድ እንደ መንገድ አንቆጥረውም። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲሆን እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። መንግሥቱ ራሱ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ይከለክላል። ስለዚህ ማስታወቂያው "ለሜትሮ ቅርብ" ሲል በእግር ነው በመኪና ብላችሁ ጠይቁ። በጥር ደስ የሚል የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ በነሐሴ ቢሮ የሚያደርሰው በላብ ነክሮ ነው።

አልጋ ብቻ ወይም በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ክፍል የሚከራዩ አሉ፣ እዚያ "ቤድ ስፔስ"ና "ፓርቲሽን" ይሉታል። ርካሽ ስለሆነ ብዙ የኛ ልጆች የሚጀምሩት በዚያ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በ2025 እ.ኤ.አ. የዱባይ ማዘጋጃ ቤት አል ሪጋና አል ሙረቀባትን በመሳሰሉ ሰፈሮች ያለ ፈቃድ የተከፋፈሉ ቤቶች ላይ ዘመቻ ጀምሯል። ፍተሻ ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣው ተከራዩ ነው። ክፍል ከተጋራችም የእሷ ስም ከቤቱ ውል ጋር መመዝገቡን ታረጋግጥ፣ በቃል ብቻ ገንዘብ አትስጥ።

ኪራይ እዚያ የሚነገረው በዓመት ነው። እኛ አገር በ2016 የወጣው አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፣ እዚያ ግን የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች ከፋፍለው አስቀድመው ነው የሚያስረክቡት። ውሉ "ኢጃሪ" የሚባለው መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት፣ ያለሱ መብራትና ውሃ በስሟ አይከፈትላትም። ለመብራትና ውሃው ደግሞ ለአፓርትመንት 2000 ድርሃም ማስያዣ ይጠየቃል። የአየር ማቀዝቀዣው ሒሳብ ከኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ይሄንንም ትጠይቅ፣ በበጋቸው የሚያስደነግጥ ሒሳብ ይመጣል።

ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ሆና ፎቶ አይታ እንዳትፈርም የምለምናት። መጀመሪያ ዕቃ የተሟላለት ክፍል በወር ትያዝ። የምትፈልገውን ሰፈር ስታገኝ ከዚያ ተነስታ ሰኞ ጠዋት በሥራ ሰዓት ቢሮዋ ድረስ ትሂድ። ቅዳሜና እሑድ እዚያም ዕረፍት ነው፣ ባዶ መንገድ አይታ የዓመት ውል እንዳትገባ።