ከለቅሶ ቤት መልስ

ዛሬ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ ጠበቀን። ይህን የሚያሰናዱት የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን ቆጥረው ያወጣሉ፣ ቆጥረው ያስገባሉ። ክፍያቸው ከአባላት ወርሃዊ መዋጮ የምትወጣ ትንሽ ብር ናት። ግን በዚህ ሰፈር ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሳቸውን ነው። ሟች ሀብታም ሆነ ድሃ፣ ድንኳኑ ያው ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ሠራሁ?» የሚል ሐሳብ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ዛሬ እሳቸውን ሳይ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ ጎረቤቴ ሲቸገር ደጁ ላይ እገኛለሁ ወይ? ባለቤቷን የቀበረችውን ሴት «አይዞሽ እህቴ፣ እኛ አለንልሽ» ሲሏት ሰማሁ። እውነታቸውን ነው፣ አሉላት። የሠልስት ዕለት ዕቃውን አብሬያቸው ልቆጥር ነግሬያቸዋለሁ።