ግስ የሆነው ውሃ

ትናንት ማታ 38 ደብተር አረምኩ። አንዱ ላይ ያደረግኩት ኤክስ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

መልመጃው ቀላል ነበር። 10 ዓረፍተ ነገር ሰጥቼ በየዓረፍተ ነገሩ ቨርቡ፣ ማለትም ግሱ፣ ሥር አስምሩ አልኩ። ስድስተኛው «ዘይ ዋተር ዘ ፍላወርስ ኤቭሪ ዴይ» ይላል። አበቦቹን በየቀኑ ውሃ ያጠጣሉ እንደማለት ነው። አንዲት ተማሪዬ የትኛውም ቃል ሥር አላሰመረችም። ከጎኑ በእርሳስ፣ በጣም ትንንሽ አድርጋ፣ «ቨርብ የለውም» ብላ ጽፋለች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌ አለፍኩ። እንቅልፍ እየተጫጫነኝ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ነበር የማርመው።

ዛሬ ደብተሩን ስመልስላት ወደ ቦታዋ አልሄደችም። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም።

«ቲቸር፣ ዋተር ውሃ አይደል?»

«ነው።»

«ውሃ ነገር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የነገር ስም ናውን ነው ብለውን የለ?»

ብያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ጽፌላቸዋለሁ። ናውን ማለት የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ደግሞታል። ልጅቷ ያስተማርኳትን ቃል በቃል ይዛ፣ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ብትፈልግ ብትፈልግ ቨርብ አጣች። ስህተቱ ከእሷ አልመጣም። የሰጠኋት ትርጉም ነው ያሳሳታት።

«አበቦቹን በየቀኑ ያጠጣሉ» ብዬ ደብተሯ ጥግ ላይ በአማርኛ ጻፍኩላት። ግሱ የቱ ነው? ሳታስብ «ያጠጣሉ» አለች። እንግሊዝኛው ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው ቃል የቱ ነው? ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል አንስታ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ገፋች። «ዋተር» ላይ ስትደርስ ቆመች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው?»

አዎ። ሁለት ሥራ አለው። ለዓመታት ሳስተምር እንዲህ አሳጥሬ ብዬው አላውቅም።

እኔ ራሴ የተማርኩት በሽምደዳ ነው። ስምንቱን የንግግር ክፍሎች ከነትርጉማቸው እንደ መዝሙር ነበር የምንላቸው። ናውን፣ ፕሮናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ፣ አድቨርብ፣ ፕሪፖዚሽን፣ ኮንጀንክሽን፣ ኢንተርጀክሽን። ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እላቸዋለሁ። ችግሩ፣ እንዲህ የተያዘ እውቀት ቃሉን እንደ ዕቃ ያስቆጥራል። ይሄ ናውን ነው፣ ያ ቨርብ ነው፤ አንዴ ስም ወጥቶለታል፣ አለቀ። ቃል ግን ናውን ወይም ቨርብ የሚሆነው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ሥራ ሲይዝ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ በተለይ እንዲህ ነው። «ራውንድ» የሚለው ትንሽ ቃል እንደ ቦታው ናውንም፣ ቨርብም፣ አድጀክቲቭም፣ አድቨርብም፣ ፕሪፖዚሽንም ይሆናል። አምስት ሥራ፣ አንድ መልክ።

አማርኛ እንዲህ አያደርግም። «ሩጫ» ስም ነው፤ ግስ እንዲሆን ከተፈለገ «ሮጠ» ይሆናል። «ጽሑፍ»ም «ጻፈ» ይሆናል። ቃሉ ሥራ ሲቀይር ልብሱንም ይቀይራል፣ ስለዚህ ከሩቅ ይታወቃል። ያደገው እንዲህ ባለ ቋንቋ የሆነ ልጅ ልብሱን ያልቀየረ ቃል ሲያይ ሥራውንም እንዳልቀየረ ቢያስብ ምን ይገርማል?

አንድ ወቅት ያስተማርኩበት ቦታ «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ሕግ ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ልጆቹ ቋንቋውን ደጋግመው መስማት አለባቸው። ለንግግር፣ ለንባብ፣ ለጨዋታ እስማማለሁ። ሰዋስው ላይ ግን አልስማማም። ልጆቹ ግስ ምን እንደሆነ አንድም ሰው ሳያስተምራቸው ያውቃሉ፤ በአማርኛ ሲናገሩ አንድም ቀን ተሳስተው ስሙን በግስ ቦታ አላስገቡትም። ያንን እውቀት በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ ማለት ግማሹን ትምህርት ውጭ መተው ነው። ዛሬ ያችን ልጅ ያሻገራት «ያጠጣሉ» የሚለው ቃል ነው።

በነገራችን ላይ ስምንት የሚለው ቁጥር ራሱ የሰው ሥራ ነው። ከ2000 ዓመት በፊት ግሪኮች የቋንቋቸውን ቃላት ለ8 ከፈሏቸው። እነሱ ዘንድ አድጀክቲቭ ለብቻው አይቆጠርም ነበር፤ ከናውን ጋር ነበር። ሮማውያን ደግሞ ላቲን እንደ «ዘ» ያለ ቃል ስለሌለው ያንን ክፍል አውጥተው ኢንተርጀክሽንን ለብቻው አቆሙት፤ ቁጥሩ ያው 8 ሆኖ ቀጠለ። ዛሬም አንዳንድ መጽሐፍ «ዘ»ንና መሰሎቹን ለብቻ ቆጥሮ 9 ያደርሳቸዋል። አምና አንድ ተማሪ የታላቅ ወንድሙን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ «እዚህ 9 ነው የሚለው» ብሎ ሲሞግተኝ ይህን ነገርኩት። «እና ማን ነው ልክ?» አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አከፋፈላቸው ነው የተለያየው አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት እርካታ አልነበረም፤ ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲያነብ እርሳስ ይዞ ነው።

ከእረፍት በኋላ ያዘጋጀሁትን ትምህርት ትቼ ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «ዘ ሚፕ ዞክድ ኤ ስሞል ብሉጅ።»

ዝም አሉ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ አልተማርነውም» አለ።

«እኔም አልተማርኩትም። አሁን የፈጠርኩት ነው። ናውኑ የቱ ነው?»

«ሚፕ» አሉ ብዙዎቹ። ሚፕ ምንድን ነው? ማንም አያውቅም። ታዲያ ናውን መሆኑን በምን አወቃችሁ? «ፊቱ ዘ አለ» አለች አንዷ። ሌላው «ብሉጅም ናውን ነው፣ ትንሽ ነው ተብሏላ!» አለ። ቨርቡስ? «ዞክድ፤ መጨረሻው ላይ ኢዲ አለ። ትናንት ነው የዞከው!» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ግን ልክ ነበር፣ ሁሉም ልክ ነበር። አንዱንም ቃል ሳያውቁ ሥራውን አወቁ። የሰው፣ የቦታ፣ የነገር መጠሪያ የሚለውን ትርጉም ማንም አላነሳውም። አያስፈልጋቸውም ነበር።

የዚህ ዓይነት ሙከራ እኔ የጀመርኩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ለትንንሽ ልጆች ወፍ የምትመስል የፈጠራ ፍጥረት ሥዕል አሳይታ «ይህ ዋግ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ሁለት አድርጋ ስታሳያቸው ልጆቹ «ዋግስ» አሉ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተውት ሊያውቁ አይችሉም፤ ደንቡ ግን ውስጣቸው ነበር። እነዚያ አፍ የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኔዎቹ አይደሉም። ቢሆንም ዛሬ ያየሁት ያንኑ ነው። ደንቡን ሳልነግራቸው ከለመዱት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለቅመውታል።

ስህተታቸውንም እንደዚሁ ማየት ጀምሬያለሁ። ከዚያው የደብተር ክምር ውስጥ አንዱ ልጅ «ቢግ ቢግ ሀውስስ» ብሎ ጽፏል። ስቄ ነበር፤ ቆይቶ ገባኝ። ትልልቅ ቤቶች ማለቱ ነው። አማርኛ ቤቱ ሲበዛ «ትልቅ»ን «ትልልቅ» ያደርገዋል፣ ልጁም እንግሊዝኛውን እንደዚያው አባዛው። ይህ የሰነፍ ተማሪ ስህተት አይደለም። ቅጽል ከስሙ ጋር አብሮ ሊበዛ እንደሚችል የሚያውቅ ልጅ ነው። ማወቅ የሚቀረው የእንግሊዝኛ አድጀክቲቭ ንቅንቅ እንደማይል ነው፤ ቤቱ አንድም ይሁን ሺህ «ቢግ» ያው «ቢግ» ነው። እንዲህ ብዬ ከሥሩ ጻፍኩለት። ኤክስ አላደረግኩም።

አድቨርብ ላይ የሠራሁት ጥፋት ከዋተሩ ጋር አንድ ነው። መጨረሻው ኤል ዋይ ከሆነ አድቨርብ ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ አንዱ «ፋሚሊ»ን አመጣልኝ። ሌላዋ «ፍሬንድሊ» አለች፤ እሱ አድጀክቲቭ ነው። «ፍላይ» መጣ። «ጁላይ» መጣ። በመጨረሻ ሁሉም መዝገበ ቃላት ላይ ተረባርበው ደንቤን የሚያፈርስ ቃል ፍለጋ ገቡ። ያን ቀን የተማሩትን ያህል አድቨርብ በአንድ ወር አስተምሬ አላውቅም።

ፕሪፖዚሽን ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ብዙውን በአንዲት «በ» የምንገላገለውን እንግሊዝኛ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት» ብሎ ይከፋፍለዋል። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይላል፣ ማታ ሲሆን «አት ናይት» ይላል። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ የሚያረካ ምክንያት የለኝም። እዚህ ላይ ሽምደዳን አልንቅም። ሐረጉን ሙሉውን እንዳለ ደጋግሞ ማለት፣ ጆሮ እስኪለምደው ድረስ። ሌላ አቋራጭ አላገኘሁም።

ከሁሉም በላይ የምወደው የፕሮናውን ሳምንት ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዩ»። በየዓመቱ አንድ ልጅ ይጠይቀኛል። ዘንድሮ የጠየቀኝ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነው። «ቲቸር፣ ለትልቅ ሰውም ዩ ነው የሚባለው? አያስቀይምም?» ከልቡ ተጨንቆ ነው። እንዲህ አልኩት፦ ድሮ እንግሊዝኛም ለአንድ ሰው «ዛው» የሚል ቃል ነበረው፤ «ዩ» የብዙ ሰው ነበር። ከዚያ የሚከበርን ሰው አንድ ቢሆንም «ዩ» ማለት ልማድ ሆነ፣ ልክ እኛ እንደምናደርገው። እየቆየ «ዩ» ለሁሉም ሆነና በ17ኛው መቶ ዘመን «ዛው» ከተለመደው ንግግር እየጠፋ ሄደ። ልጁ አሰበ፣ አሰበና «ስለዚህ ሁሉንም ሰው አንቱ ነው የሚሉት!» አለ። ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዩ» ሲል ድምፁ ላይ ፍርሃት የለም።

ደወሉ ሊደወል ሲል ያቺ የዋተር ልጅ እጇን አወጣች። እጇን! ክፍሉ ሳይቀር ዞሮ አያት።

«ቲቸር፣ የስ ምንድን ነው?»

«አዎ ማለት ነው» አለ አንዱ ፈጥኖ።

«እሱን አይደለም። ከስምንቱ የትኛው ነው?»

ሥራውን አስቤ ልመልስላት ሞከርኩ። ስም አይደለም፣ ግስ አይደለም። ቨርብ አይገልጽም፣ ሁለት ነገር አያያይዝም። ብቻውን ቆሞ ሙሉ መልስ ይሆናል። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

አሁን ሁለት መዝገበ ቃላት ከፊቴ ተከፍተዋል። አንደኛው አድቨርብ ነው ይላል። ሌላኛው ከእሰይና ከወይኔ ጎራ፣ ከኢንተርጀክሽን (ከቃለ አጋኖ) መድቦታል። ሁለቱንም ገጾች በወረቀት ምልክት አድርጌያለሁ። ነገ ይዣቸው እሄድና ሰሌዳው ፊት ቆማ እሷው ታነብልናለች። ደብተሯን ደግሞ ተቀብዬ ስድስተኛው ተራ ላይ ያለውን ኤክስ እሰርዛለሁ።