ገንዘቡ አለ፤ የሚገባው ግን መቼ ነው?

በአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የዕቅድና የበጀት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ከተሰጡኝ ሥራዎች ሁሉ የከበደኝ፣ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ያረጀ መንገድ ከነእግረኛ መሄጃውና ከነጎርፍ ማውረጃው እንደገና የሚሠራበትን ገንዘብ ማፈላለግ ነበር። የመሐንዲሶቹ የዋጋ ግምት ከከተማው የአንድ ዓመት የካፒታል በጀት ይበልጥ ስለነበር፣ ከአንድ ቋት ብቻ ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም።

ምንጮቹን በሠንጠረዥ ደረደርኳቸው፦ ከበላይ መንግሥት የሚመጣ ድጎማ፣ ከነዳጅ ቀረጥ የሚገኘው የመንገድ ፈንድ፣ የከተማው የራሱ መዋጮ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉ ባለይዞታዎች የሚሰበሰብ ክፍያ፣ ለጎደለው ደግሞ ብድር። ድምሩ ከወጪው ጋር ልክ ገጠመ። የክፍል ኃላፊዬ ሠንጠረዡን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ይህ ገንዘብ በየትኛው ወር ነው የሚገባው?» የምመልሰው አጣሁ።

ድጎማው የሚለቀቀው ሥራው ተሠርቶ፣ ተለክቶና ሰነዱ ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ተቋራጩ ግን የክፍያ ሰነዱን በየወሩ ያቀርባል፤ ስለዚህ ድጎማው ሙሉ በሙሉ ቢፈቀድም እንኳ ከተማው የበርካታ ወራት ክፍያ ከካዝናው ማስቀደም ነበረበት። ግንባታውን በሁለት ምዕራፍ ከፍለን፣ ለመጀመሪያው ምዕራፍ የሚተካልን ገንዘብ ሁለተኛውን እንዲያስጀምር አደረግን። ሥራው ዘገየ እንጂ አልቆመም።

በመንገድ ፈንዱም ተሳስቼ ነበር። ደንቡ ገንዘቡ ለጥገና ብቻ እንዲውል ያዝዛል፤ እኔ ግን ለማስፋፊያውም መድቤው ነበር። (ማስፋፊያን «ጥገና» ብሎ መጻፍ ያጓጓል፤ ኦዲተር እስኪመጣ ድረስ።) ከዚህም ሌላ ፈንዱ በየዓመቱ እንደሚያድግ ገምቼ ነበር። ቀረጡ ግን በሊትር የተወሰነ ስለሆነ የአስፋልት ዋጋ ሲወጣ እርሱ ባለበት ይቆማል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በአንድ ጋሎን ቤንዚን የሚጥለው 18.4 ሳንቲም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለመለወጡን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያስቸገረኝ ከባለይዞታዎች የሚሰበሰበው ክፍያ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መንገድ ሲሠራ የአጠገቡ መሬት ዋጋ ይጨምራል፣ ከጭማሪው የተወሰነውን ወስዶ መንገዱን መሥራት ፍትሐዊ ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በዚህ ዘዴ ብዙ ጎዳናዎችን ሠርታለች፤ የሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅትም በጣቢያዎቹ ላይ በሚያለማቸው ሕንፃዎች ትርፍ የመስመር ግንባታ ወጪውን ይደጉማል። እኔ ይህን አንብቤ ክፍያውን ይዞታው ከመንገዱ ጋር በሚዋሰንበት ርዝመት ብቻ አሰላሁት። በስብሰባው ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ በጎረቤታቸው ካለው ፊቱ ጠባብ ግን ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ይልቅ የእርሳቸው አሮጌ ቤት የበለጠ እንዲከፍል መደረጉን ሲያስረዱ ስሌቴ እዚያው ፈረሰ። በኋላ የቦታውን ስፋትና አገልግሎቱን ጨምረን አስተካከልነው።

ሰዉ ግን ከመጠኑ ይልቅ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነበር የሚያሳስበው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ መሐል ከተማ በሚገቡ መኪኖች ላይ በቀን 5 ፓውንድ ማስከፈል ስትጀምር፣ የተጣራው ገቢ ለትራንስፖርት እንዲውል በሕግ ታስሮ ነበር። እኛም የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፈትን፤ ገቢና ወጪውንም በየሩብ ዓመቱ ለጠፍን። ክፍያውን መሰብሰብ የጀመርነው የመጀመሪያው ምዕራፍ ተጠናቆ ሰው ከተመላለሰበት በኋላ ነው፤ ቀድመን ብንጠይቅ የሚከፍለን የነበረ አይመስለኝም።

ብድሩን በተመለከተ፣ የመክፈያ ዘመኑ ከሚሠራው ነገር ዕድሜ እንዳይረዝም ጥንቃቄ አድርገናል። ለጎርፍ ማውረጃው ረጅም ብድር ይስማማዋል፤ ላይኛው የአስፋልት ንጣፍ ግን ቀድሞ ያልቃልና ወጪውን ከድጎማው ሸፈንን።

ሁለተኛው ምዕራፍ አስፋልት ሊለብስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሥሩ ያለው የውኃ ቧንቧ መቀየር እንዳለበት ተነገረን። ይህ ወጪ በየትኛውም ምንጭ ውስጥ አልተካተተም ነበር። የያዝነው መጠባበቂያ በሙሉ ለቧንቧው ዋለ፤ የመንገድ መብራቱም ለቀጣዩ በጀት ዓመት ተላለፈ።