ዘይቱ በፋሲካ፣ ረሃቡ በነሐሴ

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንጻዎቻችን ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ ካበቃበት ወዲያ፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ተደርድረዋል። እዚያ የሚኖሩት የእኛን ግቢ የሚጠብቁ፣ የእኛን ልብስ የሚያጥቡ፣ በየአካባቢው በሚገነቡት ሕንጻዎች ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው። ላለፉት ሦስት ዓመታት በእድራችን በገንዘብ ያዥነት ሳገለግል ስለ መስጠት የነበረኝን ሐሳብ የቀየሩት እነዚህ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ የእድሩ ኮሚቴ እንደ ልማዱ ለ12 ቤተሰቦች ዱቄት፣ ዘይትና ዶሮ ገዝቶ አከፋፈለ። ለእኔ የደረሰኝ ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች ለምታሳድግ እናት የተመደበውን ማድረስ ነበር። በሩ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ባለ ሦስት ሊትሩን ዘይት የማስቀምጥበት ቦታ ስፈልግ ሦስት ተመሳሳይ ዘይቶች በአልጋዋ ሥር ተደርድረው አየሁ፤ አንዱ ከወረዳው፣ አንዱ ከአንድ የሰንበቴ ማኅበር፣ አንዱ ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የመጡ ነበሩ። አራታችንም ያስታወስናት በዚያው ሳምንት ነው።

በነሐሴ ያችኑ እናት በሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ባለ ሱቁ ሩብ ኪሎ ሽሮ በዱቤ እንዲሰጣት እየለመነችው ነበር። እኔን ስታይ ደነገጠችና ምንም ሳልጠይቃት “ጋሼ፣ ዘይቱን የሸጥኩት ንቄ አይደለም፤ ኪራይ ደርሶብኝ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ” አለችኝ። ከአራቱ ዘይት ሦስቱን ከሱቅ ዋጋ በታች ሸጣ የግንቦትን ኪራይ ከፍላ ኖሯል። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ስሆን ጠያቂዋ እርሷ መሆኗ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ክረምት ለከተማ ዳር ነዋሪ የረሃብ ወቅት መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የገጠሩን አውቃለሁ፤ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ አልቆ አዲሱ እስኪደርስ ያሉት የሐምሌና የነሐሴ ወራት ለገበሬው ምን እንደሆኑ ከወላጆቼ ስሰማ ነው ያደግሁት። በከተማ ግን ጎተራ የለምና ወቅቱ አይታየንም። ልብስ አጣቢ በክረምት ሥራ የምታጣው ልብስ ስለማይደርቅ ነው፤ ደንበኞቿ ፀሐይ እስኪወጣ ያቆዩታል። መሠረት የሚቆፍረው የቀን ሠራተኛ ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የሚሰጡት ቁርስና ምሳም ትምህርት ሲዘጋ አብሮ ይቆማል። ገቢው በሚቀንስባቸው በእነዚያው ሁለት ወራት በቤት ውስጥ የሚበላው አፍ ይጨምራል ማለት ነው። በበዓል ሰሞን የሚበዛው የእኛ እርዳታ ደግሞ በዚህ ጊዜ ጨርሶ የለም።

በዚያው ወር የዚህችው እናት ታናሽ ልጅ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱ ተለካ። መለኪያው ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ ማለትም ከባድ የምግብ እጥረት፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ማለትም መካከለኛ እጥረት፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ልጁ 12 ሆኖ ቢጫው ላይ ቆመ። በኦቾሎኒ ቅቤ፣ በወተት ዱቄትና በቫይታሚኖች የሚዘጋጀው፣ በአንድ ከረጢት 500 ካሎሪ የሚሰጠውና ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያተረፈው ፕላምፒ ነት የታሰበው ቀዩ ላይ ለደረሱት ነው። ቢጫው ላይ ለቆመው ለዚህ ልጅ የተሰጠው ምክር ብቻ ነበር፤ እንቁላል፣ ወተት፣ በቅቤ የታሸ ገንፎ። ምክሩ ትክክል ነው፤ እናቲቱም ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የሌላት የእንቁላሉ መግዣ ነበር። የጎረቤት እጅ ሊደርስ የሚገባው ልጁ ቀዩ ላይ ሳይወድቅ፣ ቢጫው ላይ ሳለ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርቲያ ሴን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ ሲመረምር ያገኘው ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። ሕዝቡ እያለቀ በነበረበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የተጫነ እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ከብቱን በርካሽ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ገበያ ላይ ያለውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ሱቁ ሽሮ ሞልቶት ሳለ ደጃፉ ላይ ቆማ ያየኋት እናት ችግርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የገጠሩ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ከመጠበቅ ይልቅ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ ገንዘብ ወይም እህል መስጠትን የመረጠውም፣ ሰው ችግሩን ለመወጣት ያለችውን በሬ ወይም ፍየል ሸጦ ባዶውን እንዳይቀር በማሰብ ነው።

እኛም በበዓል ዱቄትና ዘይት ከምናከፋፍል በክረምት ገንዘብ እንስጥ የሚለውን ሐሳብ በመስከረም ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሳቀርብ ክርክሩ ጠንካራ ነበር። የማከብራቸው አንድ አዛውንት “ገንዘብ እጅ ላይ ከሰጠነው በመጠጥ ያልቃል፤ ዱቄት ግን ይበላል” አሉ። ሥጋታቸው ከክፋት የመነጨ ባይሆንም የተደረጉት ጥናቶች አይደግፉትም። በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን አገናዝበው ድሆች ገንዘብ በእጃቸው ሲሰጣቸው ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡት እንደማይጨምር አሳይተዋል። ለአዛውንቱ ግን ከጥናቱ ይልቅ የተሸጠው ዘይት ታሪክ ይበልጥ የገባቸው መሰለኝ። ዱቄቱም ቢሆን ኪራይ ሲደርስ ወደ ገንዘብ መለወጡ አይቀርም፤ በርካሽ ሲሸጥ በመካከል የሚጎድለው የእናቲቱ ነው።

ሌላ አባል ደግሞ በዓለም ላይ በ2024 እ.ኤ.አ. 673 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደተራቡ ጠቅሶ የእኛ መዋጮ ጠብታ መሆኑን ተናገረ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት እህሉ ላልታሰበለት እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን ለወራት ማቋረጣቸውን፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራድኦ ድርጅቱ ራሱ ሥራውን ማቆሙን ሁላችንም አይተናል። የሩቁ እጅ ትልቅ ነው፤ አስፈላጊም ነው፤ ሲታጠፍ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግረንም።

በመጨረሻ ለመስማማት የረዳን በየእምነታችን ያለው የቆየ ሥርዓት ነው። ክርስቲያኑ ከገቢው ከአሥር አንድ አሥራት ያወጣል፤ ሙስሊሙ ዓመት ከሞላው ሀብቱ 2.5 በመቶ ዘካ ያወጣል። ሁለቱም መጠን አላቸው፤ የሰጪው ስሜት እስኪነሣሣም አይጠብቁም። እኛም በዚሁ መንገድ ከመደበኛው መዋጮ በተጨማሪ እያንዳንዱ ቤት በወር 50 ብር እንዲያዋጣ፣ ከተሰበሰበውም ትልቁ ድርሻ ለሐምሌና ለነሐሴ እንዲቀመጥ፣ ገንዘቡ ያለ ፎቶግራፍና ያለ ሰልፍ በቴሌብር እንዲላክ ወሰንን።

ዘንድሮ ሐምሌ 1 የመጀመሪያውን ላክሁ። ልብስ አጣቢዋ ኪራይዋን ከፍላ በቀረው አምስት ዶሮ ገዛች፤ የገዛችው ለሥጋ ሳይሆን ለእንቁላል ነው። የልጁ ክንድ በነሐሴ ሲለካ 12.9 ነበር።

ከ12ቱ ቤተሰቦች ግን ሦስቱን አጥተናቸዋል። ኪራይ ሲጨምርባቸው ከሰፈሩ ወጥተው ወደ ባሰው ዳር ሄደዋል፤ የአንደኛው ስልክም አይሠራም። በቦታቸው የገቡት አዲስ ተከራዮች የእድሩን መግቢያ ከፍለው አባል መሆን ስለማይችሉ በመዝገባችን ላይ ስማቸው የለም። መዝገቡ ለእነርሱ እንዲከፈት የጻፍኩት ሐሳብ በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ ይቀርባል።