በመተማ በኩል ይገባ የነበረው ቤንዚን

ከአዘዞ ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ያወለቅኩት ሹራቤን ነው። ጭልጋን አልፈን ቆላው ሲቀበለን የሚኒባሱ መስኮት በሙሉ ተከፈተ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ከ800 በታች።

ጊዜው ደቡብ ሱዳን ከመገንጠሏ ትንሽ ቀደም ይላል። ቤንዚን የጫኑ ቦቴዎች ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ባዶዎቹ ቁልቁል ይበርራሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በመንግሥታቱ ስምምነት ከሱዳን ነዳጅ ትገዛ ነበር። ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የጀይሊ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ2000 ነው። ለጎንደርና ለባሕር ዳር ከጅቡቲ ዞሮ ከሚመጣ ይልቅ ይኸኛው ደጃፍ ላይ ነው።

መተማ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከአንድ የቦቴ ሹፌር ጋር ተቀመጥን። እኔ ስለ ስምምነቱ ልጠይቀው፣ እሱ ስለ ጉድለት ሊያወራ። «ወንድሜ፣ እዚያ ሲጭኑልኝ ሞልቶ ነው። አዲስ አበባ ሲለኩት ጎደለ ይሉኛል። ጠጣሁት እንዴ?»

አልጠጣውም። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲቀንስ ከመቶው ሊትር ወደ ሁለት ሊትር ይቀንሳል። በ40,000 ሊትር ቦቴ ስታሰላው ወደ 800 ሊትር ይጠጋል። ለዚህም ነው ነዳጅ ሲረካከቡ ሙቀቱ አብሮ መለካት ያለበት። በርግጥ መንገድ ላይ በጄሪካን የሚቀዳም አይጠፋም፤ ሹፌሩም ይህን ስነግረው ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

ድንበሩ አንዲት ድልድይ ናት። ማዶ የሱዳኗ ገላባት ናት። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ወደዚያ፣ ቦቴዎች ወደዚህ ይተላለፋሉ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ሱዳን ከነዳጅ ጉድጓዶቿ ሦስት አራተኛውን ገደማ አጣች። ማጣሪያው ሰሜን፣ ድፍድፉ (ያልተጣራው ነዳጅ) ደቡብ ቀረ። በ2023 የተነሳው ጦርነት ደግሞ ጀይሊን ራሱን የጦር ሜዳ አደረገው። የስምምነቱ ፊርማ ምን ያህል ቢጠብቅ ማጣሪያ ሲቃጠል ምን ይሆናል?

አሁን ወሬው ወደ ጋምቤላ አቅጣጫ ዞሯል። በ2023 ኢትዮጵያ ከድንበሯ ፓጋክ እስከ ነዳጅ ማውጫዋ ፓሎች ለሚሠራ መንገድ ለደቡብ ሱዳን 738 ሚሊዮን ዶላር ልታበድር ተስማማች፤ ክፍያው በድፍድፍ ነዳጅ ነው። ጥሩ። ግን ድፍድፍ በቦቴ ተጭኖ ማደያ አይገባም። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ እኛ የምናጣራበት ቤት የለንም።