ማሽኑ ከጓሮዬ የወጣ ዕለት

ትናንት፣ ነሐሴ 15፣ የእንጨት መሰንጠቂያዬ ከአይሱዙ ኋላ ታስሮ ሄደ። ጓሮው ላይ የቀረው የጎማ ዱካና የሰጋቱራ ክምር ብቻ ነው። ባለቤቴ ክምሩን ለከብቶቹ ማደሪያ ላንጥፈው ብላለች። እኔ ግን ወደዚያ ጥግ ዞሬ ማየት አልሆነልኝም። ዛሬ የፍልሰታ ፍቺ ነው፣ ሥራ የለም። ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የገዛሁት በጥር 2010 ነው። እኛ ጉራጌ፣ ቸሃ ውስጥ ከእንሰቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ባሕር ዛፍ እዚህ ባንክ ማለት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ መስቀል ሲደርስ ይቆረጣል። ጉቶው ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል። ግን ገበሬው የሚሸጠው በቁሙ ነው። ነጋዴው ቀጭኑን መርጦ አዲስ አበባ አጣና ተራ ያራግፈዋል። ወፍራሙን ግንድ እስከ መንገድ የሚያወርድ ጉልበት ስለማይገኝ ብዙው ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። ያ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያንገበግበኝ ነበር። አርባ ዓመት የቆመ ግንድ እንዴት አንድ ጣውላ እንኳ ሳይወጣው ይነዳል?

ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ያማረኝ ለዚህ ነው። ጎትተህ ዛፉ የወደቀበት ድረስ ትወስደዋለህ። ግንዱ ሐዲዱ ላይ ይተኛል፣ የሚንቀሳቀሰው ሞተሩና መጋዙ ነው። መጋዙ በሁለት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር ስስ ብረት ነው። ዋጋው ያለው ስስነቱ ላይ ነው። በአንድ ቁርጥ የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክቡ መጋዝ 5ም 6ም ይበላል። አንድ ግንድ ላይ አስር ጊዜ ብትቆርጥ ልዩነቱ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሙሉ ጣውላ ማለት ነው።

አዲሱን መግዛት የማይታሰብ ስለነበር ያገለገለ ፈለግሁ። ደላላ አንድ አገኘልኝ። ሻጩ ጨዋ መሳይ ሰው ነበር። ማሽኑ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ስደርስ ሞተሩ እየሠራ ነው። «አንተን እንዳላስጠብቅ ብዬ ነው ያሞቅሁት» አለኝ። ደስ አለኝ! አንድ ቀጭን ጥድ ሰነጠቀልኝ፣ ጣውላው ልስልስ ብሎ ወጣ። 410 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት አምጥቼ በማግስቱ ጠዋት ላስነሳው ብል እምቢ አለ። ገመዱን ስስብ ስስብ ትከሻዬ ዛለ። ለካ ያ ሞተር ከሞቀ በኋላ ነው እሺ የሚለው። ይኼ ቀላሉ ነው፣ ካንዴላና ካርቡሬተር ነበር። ከባዱ በሳምንቱ መጣ። ጣውላዎቹ በአንድ ጫፍ 25 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 31 ይሆናሉ። ምላሹን ያገኘው ወንድሜ ነው። የመጋዙን ጭንቅላት የሚሸከመው ብረት ላይ ያለውን ቀለም በቢላ ሲፍቀው ከሥሩ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ወጣ። ጭንቅላቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈትና ይዘጋል። ቀለሙ የተቀባው ለእሱ ነበር። ለሰውዬው ደወልኩለት። «ስትገዛ አይተሃል» አለና ዘጋው።

ያችን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ አልረሳኋትም። እውነቱን ነው፣ አይቻለሁ። ግን ያየሁት እሱ ያሳየኝን ነው።

ወልቂጤ አንድ ጎበዝ በያጅ አገኘንና ብረቱን ደርቦ በየደው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ዘመድ ሆነን። ባሕር ዛፍን ያወቅሁት ያኔ ነው። ውስጡ የታፈነ ጉልበት አለው። ከአንድ ወገን ብቻ እየላጥህ ከሄድክ ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሁለት ከዚህ ጎን፣ ገልብጠህ ሁለት ከዚያ ጎን መውሰድ አለብህ፣ ያኔ ጉልበቱ ይመጣጠናል። በመጋዙ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ እንዲል ታደርጋለህ፣ ሙጫው እንዳይዘው። ማታ ሥራ ስታቆም ደግሞ የመጋዙን ውጥረት ታላላለህ። ተወጥሮ ካደረ ብረቱ ይደክማል፣ ቀኑ ሳይደርስ ይበጠሳል። ወንድሜ ይህን ሲረሳ እራት አቋርጬ በፋኖስ ወጥቼ አላልቼው እመለሳለሁ። በዚያ ማሽን ጣውላ ስንቱ ቤት በርና መስኮት አገኘ! አልጋ የተሠራለትም አለ። ለማገዶ ያሰቡት ግንድ ጣውላ ሆኖ ሲደረደር የሚያዩ ሽማግሌዎች ፊት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለ። ሐኪሙ ግንድ እንዳልነካ ከለከለኝ። ወንድሜም ለራሱ ሥራ አዲስ አበባ ገባ። ልሸጠው ነው ብዬ ሳወራ ከቡታጅራ በኩል ሁለት ወንድማማቾች ደወሉ። አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፤ ማለዳ ኑ፣ የራሳችሁን ግንድ ይዛችሁ ኑ።

ሐምሌ 13 በዝናብ መጡ። ሞተሩ በረዶ ነበር። «አስነሱት» አልኳቸውና ዞር አልኩ። በሁለተኛው ስበት ተነሳ። ሲባጎ ሰጠኋቸው፣ ከሐዲዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው ቀጥ ማለቱን አዩ። የተበየደውን ቦታ ራሴ አሳየሁ። ትልቁ ልጅ ጣቱን በብየዳው ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ፣ ሄደ ተመለሰ፣ አንዴ ቆም ብሎ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። ምንም አላለም። ከፊት ያለው ኩሽኔታ ሊያልቅ መሆኑን፣ የቀኙ ጎማ መለወጥ እንዳለበት ነገርኳቸው። ከዚያ ግንዳቸውን ጫኑ። ቋጠሮ የበዛበት ክፉ ግንድ ነበር፣ ሆን ብለው መርጠውት ነው መሰለኝ። ማሽኑ አላሳፈረኝም። በ850 ሺህ ተስማማን፣ 100 ሺህ ቀብድ ከፈሉ፣ በሁለት ምስክር ውል ተጻፈ። ቀሪውን ለነሐሴ 15።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ናረ። ያገለገለ ማሽን ያለው ሰው ባደረበት ሀብታም ሆነ። ደላላው ደወለ። «1 ሚሊዮን 200 ሺህ የሚሰጥ ሰው ይዣለሁ።» ቀብድ በልቻለሁ አልኩት። «ታዲያስ? እጥፉን መልስላቸውና ተገላገል፣ ሕጉም ይፈቅድልሃል።»

ያለው ልክ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ልተው ካለ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አሰላሁት። 200 ሺህ መልሼ እንኳ፣ ግማሹ የራሳቸው ቀብድ ስለሆነ፣ ከ850ው በላይ 250 ሺህ ይተርፈኛል። ለወገቤ ሕክምናም ይበቃል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ ነቅታ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ዝም አለች። ወደ ንጋት ላይ «ልጆቹ ገንዘቡን ከየት ነው የሚያመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ትልቁ ዕቁብ ሊወጣለት ነው፣ ሁለት በሬም ይሸጣሉ አልኳት። «እንግዲህ በሬዎቹን ሸጠው ይሆናል» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ጠዋት ትልቁ ልጅ ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ የዶላሩን ነገር ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ውላችን እንደተጻፈው ነው» አልኩት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለ። ለደላላው መልሼ አልደወልኩም። ያ ብር አላማረኝም ብል ውሸት ነው። አሁንም ሲያስቡት ትልቅ ብር ነው። ግን ልጁ ስልኩን ሊያነሳ ሲል የተሰማውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኜ ደውዬ ነበር፣ «ስትገዛ አይተሃል» የተባልኩ ጊዜ።

ትናንት ብሩን ይዘው መጡ። ባለቤቴ በሽሮና በጎመን ምሳ አበላቻቸው፣ የጾሙ መጨረሻ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ትንሹ ልጅ ልሞክረው ብሎ የቀረችኝን አንዲት ግንድ ሰነጠቀ። ሲጨርስ ሞተሩን አጥፍቶ ዕቃ ሊያስር ሄደ። መኪናው ሊነሳ ሲል ትዝ አለኝ። ጭቃውን እየረገጥኩ ዞሬ ሄድኩና ሸራውን ገለጥኩ፣ ውጥረቱን ላላላው።

መጋዙን በጣቴ ነካ አደረግሁት። ረግቧል። ልጁ ቀድሞ አላልቶት ነበር። ሸራውን መልሼ አለበስኩትና ለሾፌሩ እጄን አነሳሁ።