ሩቅ ያለ ቁጥር

ምሽቱን ሙሉ ከፍቶኛል፤ በምን ብባል መልስ የለኝም። ወንድሜ «አንድ ቃል እንኳ ጻፍልኝ» ብሎ ከላከብኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ዛሬስ ልመልስለት ብዬ ተቀምጬ ሳለ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ወደቀረው፣ እኔ የነደፍኩት የፕሮግራም ቋንቋ የሙከራ ውጤት ሄደ።

አንዱ ኮምፒውተር ብቻውን በ4 ሰከንድ የጨረሰውን ሥራ፣ 16 ሆነው በ71 ሰከንድ ጨረሱት።

መልሱ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ትክክል ነው፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው። ጥፋተኛዋ «ሀ = ለ + 1» የምትል አንዲት ምስኪን መስመር ናት። «ለ» የሚገኘው በሌላ ኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ ነው። ይህን ከፕሮግራም ጸሐፊው የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ቋንቋውን ስነድፍ የኮራሁትም በዚሁ ነበር። ኮምፓይለሬ (የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚተረጉመው) ታዲያ 8 ባይት፣ ማለትም አንዲት ቁጥር፣ ለማምጣት መልእክት ይልካል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይቀበላል፣ ለቀጣዩ 8 ባይት ደግሞ እንደገና ይልካል። ከራስ ሜሞሪ ማንበብ ቢዘገይ መቶ ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ኔትወርክ አቋርጦ መመለስ ግን በማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሺህ ናኖሰከንድ፣ ይቆጠራል፤ ያውም ሚሊዮን ጊዜ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ሰብስቦ በአንድ መልእክት ማስመጣት። የሚፈለገው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከሌላ ሠንጠረዥ ተነብቦ ከሆነስ? ኮምፓይለሩ ነቢይ አይደለም። ፕሮግራሙ ራሱ መጀመሪያ ባዶውን አንድ ዙር ዞሮ የሚፈልገውን መመዝገብ፣ ከዚያ ማስመጣት፣ ከዚያ መሥራት ሊኖርበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ኦካም የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ እንዲህ ያለ ማባበል አያውቅም ነበር። መላክ «!» ነው፣ መቀበል «?» ነው፤ ርቀቱ እዚያው ገጹ ላይ ይታያል። ተማሪ ሳለሁ ደረቅ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣው ሃይ ፐርፎርማንስ ፎርትራን የተባለ ቋንቋ ደግሞ «ሠንጠረዡን እንዴት እንደምታከፋፍል ንገረኝ፣ መላላኩን ለእኔ ተወው» አለ፤ ልቤ የሄደው ወደዚያ ነበር። ዛሬ ማታ ግን ደረቁ ይሻለኛል። ቢሆንም፣ እያንዳንዱን መልእክት በእጁ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ወደ እኔ ቋንቋ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ሌሊቱ ተጋምሷል። የወንድሜ መልእክት አሁንም እንደተከፈተ ነው። ያዘገየሁት፣ ብዬ ነበር ለራሴ፣ ወሬዬን ሁሉ ሰብስቤ በአንዴ ልልክለት ብዬ ነው። እሱ የጠየቀኝ ግን አንድ ቃል ነው።